የመኪና ቀለም ማንጸባረቂያና መጠበቂያ ቅቦች

በመንገድ ዳር የሚሠራ ሊስትሮ ጫማ ሲጠርግ ልብ ብላችሁ አይታችሁታል? አስቀድሞ ጭቃውን ያራግፋል። ቀጥሎ በእርጥብ ጨርቅ ያጥበዋል። ጫማው እስኪደርቅ ጥቂት ይጠብቃል። ከዚያም ቀለሙን በስሱ ይቀባና ወደ ሌላው እግር ይሻገራል። ሁለተኛውን ቀብቶ ሲጨርስ የመጀመሪያው ደርቆለታል፤ ተመልሶ በብሩሽ ይፈትገዋል። ደንበኛው "በደንብ ይብራልኝ" ያለው እንደ ሆነ ደግሞ አንድ ጊዜ ይደርብና በጨርቅ ያሸዋል። ጭቃ ላይ ቀለም የሚቀባ ሊስትሮ ደንበኛ አይበረክትለትም። ቀለሙ ሳይደርቅ የሚፈትግም እንዲሁ።

በዚህ ምዕራፍ የምናወሳው ስለ ጫማ ሳይሆን ስለ መኪና ነው። ሥራው ግን አንድ ዓይነት ነው። የመኪናን ቀለም ለማሳመርና ከፀሐይ፣ ከዝናብና ከአቧራ ለመጠበቅ ልዩ ልዩ ቅቦች ይደራረቡበታል። ቅደም ተከተሉን ያወቀ ሰው ያምርለታል፤ ያላወቀ ሰው ግን ገንዘቡንም ጉልበቱንም ያባክናል። መኪናውንም ሊጎዳ ይችላል።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ተማሪዎች አስቀድሞ ስለ መኪና ቀለም የምናውቀው ነገር አልነበረም። ለማስተማር በተመደብንባት በአዳማ ከተማ ማታ ማታ ፊደል ካስቆጠርናቸው መካከል አምስቱ መኪና አጣቢዎች ነበሩ። ቀን ላቫጆ ውስጥ ይሠራሉ፤ ማታ ደብተራቸውን ይዘው ይመጣሉ። እጃቸው በውሃና በሳሙና ስለ ተላላጠ እርሳስ መያዝ እንኳ ያማቸው ነበር። እኛ ፊደል ስናስተምራቸው እነርሱ ደግሞ ሥራቸውን አስተማሩን። ከዚህ በታች የምናቀርበው ከእነርሱ ያየነውንና በኋላም ከመጻሕፍት ያመሳከርነውን ነው። ከራሳችን ስሕተት የተማርነውም አለበት።

መኪናው ስንት ልብስ ለብሷል?

በፋብሪካ የተቀባ የዛሬ መኪና ብዙውን ጊዜ ከብረቱ በላይ አራት ልብስ ይለብሳል። የመጀመሪያው ዝገትን የሚከላከል ቅብ ነው። ሁለተኛው ፕራይመር ይባላል፤ ሻካራውን ያስተካክላል፤ ለቀለሙም መያዣ ይሆነዋል። ሦስተኛው ዓይን የሚያየው ቀለም ነው፤ ነጩ፣ ጥቁሩ፣ ቀዩ ማለት ነው። አራተኛውና የመጨረሻው ግን ቀለም የለውም። እንደ ብርጭቆ ብርሃን ያሳልፋል። የጋራዥ ሰዎች ክሊር ይሉታል።

ክሊር በብዙ መኪኖች ላይ እየተለመደ የመጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1980ዎቹ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ብዙ መኪኖች ክሊር አይደረግላቸውም ነበር። አሮጌ መኪና ሲፈተግ ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ይዞ የሚወጣው ስለዚህ ነው።

አሁን ውፍረቱን እንመልከት። አንድ ሚሊ ሜትር ለ1,000 ቢከፋፈል እያንዳንዱ ክፋይ ማይክሮን ይባላል። አራቱም ልብሶች ተደምረው ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ያህል ቢሆኑ ነው። ከዚህ ውስጥ ክሊሩ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ይሆናል። አንድ ተራ የጽሕፈት ወረቀት 100 ማይክሮን ያህል ውፍረት አለው። እንግዲህ መኪናውን ከፀሐይ የሚጠብቀው ክሊር ከወረቀት ውፍረት ግማሽ አይበልጥም ማለት ነው።

ይህን ማወቅ ለምን ይጠቅማል? ቀለም በተፈተገ ቁጥር ከክሊሩ ላይ ጥቂት ይቀነሳል። ክሊር ደግሞ ጥፍር አይደለም፤ ካለቀ በኋላ አይበቅልም። ክሊሩ የሳሳበት መኪና መጀመሪያ ኮፈኑና ጣሪያው ይነጣል፤ ቀጥሎ እንደ እባብ ቆዳ ይገፈፋል። ያን ጊዜ እንደ ገና ከማስቀባት በቀር መድኃኒት የለውም።

የአገራችን ደጋ ደግሞ ለቀለም ይከብዳል። ቀለምን በብዛት የሚያበላሸው አልትራቫዮሌት የሚባለው የማይታይ የፀሐይ ጨረር ነው። ይህ ጨረር ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አዳማ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ቀዝቀዝ ስላለ ፀሐዩ የማይጎዳ ይመስለናል እንጂ ቀለሙስ ያውቀዋል።

ድምቀቱ ከየት ይመጣል?

ጸጥ ያለ ኩሬ ዳር ቆመን ቁልቁል ብናይ ፊታችንን እናያለን። ነፋስ ተነሥቶ ውሃው ሲናወጥ ግን ፊታችን ይሰባበራል። ውሃው ያው ውሃ ነው። የተለወጠው የገጹ ልስላሴ ነው። የመኪና ቀለምም እንደዚሁ ነው። ገጹ ለስላሳ ሲሆን ብርሃኑን ሳይበትን ይመልሰዋል። ጭረት ሲበዛበት ብርሃኑ ወዲያና ወዲህ ይበተናል፤ ቀለሙም የደበዘዘ ይመስላል።

ጥቁር መኪና ፀሐይ ላይ ቆሞ ብናየው በፀሐዩ ምስል ዙሪያ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ጭረት ይታየናል። ይህ ጭረት ከሰማይ አልወረደም። አብዛኛው ከእጃችን ነው። በአቧራ ውስጥ ከቀለሙ ይልቅ የጠነከሩ የአሸዋ ቅንጣቶች አሉ። አቧራ የለበሰን መኪና በደረቅ ጨርቅ ስንወለውል ጨርቁ የብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። "ልጠርግልህ" ብለን የምናበላሸው እኛው ነን።

የቅቦቹ ዓይነትና ሥራ

በላቫጆና በመለዋወጫ ሱቅ የሚገኙት ጠርሙሶች ብዙ ናቸው። ሥራቸው ግን በአራት ሊከፈል ይችላል።

1ኛ. ፖሊሽ። ፖሊሽ በጣም የደቀቀ ሞረድ አለበት። ጭረቱን የሚያጠፋው በዙሪያው ያለውን ክሊር ጥቂት ጠርቦ በማስተካከል ነው። ስለዚህ ፖሊሽ አይጨምርም፤ ይቀንሳል። አስፈላጊ ሲሆን ብቻ፣ አልፎ አልፎ የሚሠራ ነው። በየሳምንቱ ፖሊሽ የሚያስደርግ ሰው ክሊሩን በገዛ ገንዘቡ እያስጨረሰ ነው።

2ኛ. ግሌዝ። ግሌዝ ዘይትና ደቃቅ መሙያ ያለበት ቅባት ነው። ጥቃቅኑን ጭረት ገብቶ ይሞላዋል፤ ቀለሙንም ጥልቅና እርጥብ ያስመስለዋል። ወዲያው ያምራል። ሆኖም ጭረቱን ሸፈነው እንጂ አላጠፋውም። ከጥቂት እጥበት በኋላ ይለቃል፤ ጭረቱም ተመልሶ ይታያል። ግሌዝ ጌጥ ነው፤ ጥበቃ አይደለም።

3ኛ. ሲላንት። ሲላንት በፋብሪካ ከሚሠራ ፖሊመር ከሚባል ነገር የተዘጋጀ ነው። ከንጹሕ ቀለም ጋር ሲገናኝ ይጣበቅና ደርቆ ስስ ሽፋን ይሆናል። ውሃ አያስጠጋም። ቆሻሻ ቶሎ እንዳይዝ ያደርጋል። እንደ አያያዙ ከ4 እስከ 6 ወር ሊቆይ ይችላል። ጥበቃ የሚባለው ይህ ነው።

4ኛ. ሰም፣ ወይም በተለምዶ ዋክስ የሚሉት። ለመኪና የሚመረጠው ሰም ካርኖባ ይባላል። የሚገኘውም በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዛፍ ቅጠል ነው። ቀለሙን ሞቅ ያለ ድምቀት ይሰጠዋል። ዕድሜው ግን ከሲላንት ያጠረ ነው፤ ከጥቂት ሳምንት እስከ ሁለት ወር ያህል ይቆያል።

ከተማሪዎቻችን አንዱ፣ "የእኛ አገር ሰም ለምን አይሆንም?" ብሎ ጠየቀን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አገራችን በአፍሪካ ከቀዳሚዎቹ የማርና የሰም አምራቾች አንዷ ናት። ነገር ግን የንብ ሰም ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት ይቀልጣል። ካርኖባ ግን ከ80 ዲግሪ በላይ ካልሆነ አይቀልጥም። ቀትር ላይ ፀሐይ የመታው ጥቁር ኮፈን ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። የንብ ሰም ብቻውን ቢቀባ ይለሰልስና አቧራ ይሰበስባል። እንዲያው ቅባቱን ለማለስለስ ከካርኖባ ጋር ቀላቅለው የሚሠሩበት አሉ።

ከአራቱ ሌላ በቅርብ ዓመታት የተስፋፋ ሴራሚክ የሚባል ሽፋንም አለ። ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ዋጋው ውድ ነው። ተሳስቶ የተቀባ እንደ ሆነም በፖሊሽ ካልተፈተገ አይነሣም። ስለዚህ ለለማጅ አይመከርም።

በሰርግ ዋዜማ የደረሰብን

ጊዜው ጥር ነበር፤ የሰርግ ወር። አንድ ጠና ያሉ ሰው ለሙሽራ የሚያከራዩትን ጥቁር መኪና ይዘው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ወደ ላቫጆው መጡ። "ልጆቼ፣ ነገ ሙሽሮች ይቀመጡበታል። ፊቴን የማይበት አድርጉልኝ" አሉ።

የአጣቢዎቹ አለቃ የሆነው ወጣት፣ "ችግር የለም ጋሼ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይምጡ" አላቸው። ይህ ወጣት ከእኛ ጋር ፊደል ከጀመረ ገና አራት ወሩ ነበር። እኛም ያን ቀን ትምህርት ስላልነበረን ልናግዘው እዚያው ነበርን።

መደርደሪያው ላይ አንድ ጠርሙስ ግሌዝና አንድ ጠርሙስ ሲላንት ነበር። በሁለቱም ላይ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ወጣቱ አንሥቶ ሰጠንና፣ "ቲቸሮች፣ እስቲ የትኛው ነው የሚቀድመው?" አለን።

እኛ ትልልቁን ፊደል አነበብን። የጠርሙሱን ስም ማለት ነው። ከጀርባው በደቃቁ የተጻፈውን ግን አላነበብንም። "ሁለቱንም ቀባቸው። መጀመሪያ ግሌዙን፣ ቀጥሎ ሲላንቱን። ወፈር አድርገህ ሁለት ጊዜ ደርበው፤ ሲደራረብ የበለጠ ያበራል" አልነው። ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ሲናገር ማን ይጠራጠራል? አመነን።

ግሌዙ ተቀባ፤ መኪናው አማረ። ሲላንቱን በላዩ ቀባነው። ጊዜው ቀትር ነው፤ ኮፈኑ እጅ አያስነካም። ሳናቆይ ደገምነው። ለመወልወል ስንሞክር ጨርቁ ይንሸራተታል፣ ይይዛል፤ ይንሸራተታል፣ ይይዛል። መኪናው በሙሉ ነጭ ነጭ ዥራት አወጣ። በፈተግነው መጠን ይባስ ተዝጎረጎረ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባለቤቱ መጡ። አንድ ጊዜ ዞረው አዩትና፣ "ይሄ ምንድን ነው? መኪናዬን እኮ ጭስ የጠገበ ግድግዳ አስመሰላችሁት! ነገ ምን ብዬ ነው ለሙሽራው የምሰጠው?" አሉ።

ወጣቱ አንገቱን ደፋ። "እነርሱ ናቸው ያሉኝ" ሊል ይችል ነበር። አላለም። "ጥፋቱ የእኔ ነው ጋሼ። ዛሬ እዚሁ አድረን እናስተካክለዋለን" አለ። እኛ እዚያው ቆመን ነበር።

ማታ መብራት ስር ተቀምጠን የጠርሙሱን ጀርባ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብነው። የተጻፈው ግልጽ ነበር፦ ቅባት በሌለበት ንጹሕ ቀለም ላይ ይቀባ፤ በጥላ ሥር፣ ቀለሙ ቀዝቅዞ ሳለ ይሠራ፤ እጅግ በስሱ ይቀባ፤ ሁለተኛ መደረብ ቢያስፈልግ 24 ሰዓት ይጠበቅ። አራቱንም አፍርሰናል።

ሌሊቱን ሙሉ የቀባነውን አንሥተን፣ አጥበን፣ አድርቀን፣ አንድ ስስ ሲላንት ብቻ ቀባን። ሊነጋጋ ሲል ተወለወለ። ባለቤቱ ማለዳ መጥተው ዞር ዞር ብለው አዩት። ነቀፌታ አልተናገሩም፤ አላመሰገኑምም። ከተስማሙበት ዋጋ ግማሹን ከፍለው ሄዱ። ያ ገንዘብ ለተበላሸው ቅባት እንኳ አልበቃም። የጎደለውን እኛ እንክፈል ብንለው ወጣቱ እምቢ አለ። "ይልቅ የተጻፈውን በአማርኛ ንገሩኝ፤ እኔ እጽፈዋለሁ" አለን። ካርቶን ቆርጦ በገዛ እጁ አራት መስመር ጻፈና ግድግዳው ላይ ሰቀለው፦

በንጹሕ ላይ።
በጥላ።
በስሱ።
24 ሰዓት።

የፊደሎቹ ቁመት የተስተካከለ አልነበረም። ግን ይነበባል። ማንበብ መቻልና ማንበብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እኛ ያን ቀን ተማርን።

የአራቱ መስመሮች ትርጉም

በንጹሕ ላይ። ግድግዳ ዘይት ከነካው ቀለም አይዝም። ሲላንትም እንዲሁ ነው። የሚይዘው ቀለሙን ነውና በመካከላቸው የግሌዝ ዘይት ከገባ መያዣ ያጣል። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ጥበቃ የሚፈልግ ሰው መኪናውን ያጥባል፤ በእጅ ሲዳሰስ የሚሻክረውን የተጣበቀ ቆሻሻ ያስለቅቃል፤ ካስፈለገ ብቻ በፖሊሽ ጭረቱን ያስተካክላል፤ የፖሊሹን ዘይት ጠርጎ ያነሣል፤ ከዚያ ሲላንቱን በቀጥታ ይቀባል። ሰም ከፈለገ ሲላንቱ በሚገባ ከደረቀ በኋላ ከላይ ይደርባል። ሰም ከላይ እንጂ ከሥር አይሆንም።

ለአንድ ቀን በዓል ብቻ ማማር የሚፈልግ ሰው ደግሞ ግሌዝ ይቀባና በላዩ ሰም ያደርግበታል። እንደማይቆይ አውቆ ነው። አንዳንድ ፋብሪካዎች ግን ከራሳቸው ሲላንት ሥር እንዲሆን የሠሩት ግሌዝ አላቸው። ሲላንትና ግሌዝ የሚሉትን ሁለቱን ስሞች ባንድነት የያዘ ጠርሙስም አለ። እንግዲህ ስሙን ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም፤ ጀርባውን ማንበብ ያስፈልጋል።

በጥላ። ቀለሙ ሲግል ቅባቱ ሳይዘረጋ ይደርቃል፤ ዥራት ያወጣል። መዳፋችንን ኮፈኑ ላይ አድርገን ሳያቃጥለን ማቆየት ካልቻልን ለሥራው ጊዜው አይደለም። ማለዳ ወይም ወደ ማታ ይሻላል።

በስሱ። ለአንድ አነስተኛ መኪና ከ1 እስከ 2 የሾርባ ማንኪያ ሲላንት ይበቃል። ትርፉ ምንም አይጨምርም። ቀለሙን መያዝ የሚችለው የሚነካው ብቻ ነው፤ የተረፈው የሚወለወል ነው። ወፍራም ቅብ ከላዩ ይደርቅና ከሥሩ እርጥብ ይቀራል። ኮፈኑን ለብቻ፣ ጣሪያውን ለብቻ፣ እያንዳንዱን በርና ፓራፋንጎ ለብቻ እየከፋፈሉ በእርጥብ ስፖንጅ መቀባት ነው። ሊወለወል መድረሱን ለማወቅ በጣት አንድ ጊዜ ጠረግ ማድረግ ይበቃል። ጣት የነካው ቦታ ጠርቶ ከበራ ደርሷል። ከተለቀለቀ ግን ገና ነው።

24 ሰዓት። የገጠር ሰው ቤት ሲመርግ የመጀመሪያው ጭቃ ሳይደርቅ ሁለተኛውን አይለስንም። ቢለስን ይሰነጠቅበታል፤ ወይም ተያይዞ ይወርድበታል። ሲላንትም በእጅ ሲነካ የደረቀ ይምሰል እንጂ ከቀለሙ ጋር እስኪጣበቅ ጊዜ ይፈልጋል። ከዚያ በፊት ሁለተኛው ቢደረብበት የመጀመሪያውን ያሟሟዋል፤ ሁለቱም አይሆኑም። የአንዳንዱ ጠርሙስ 12 ሰዓት ይላል፤ የአንዳንዱ 24 ሰዓት። የተጻፈውን መከተል ነው። በዚህ ጊዜ መኪናው ውሃ ባይነካው ይመረጣል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የተባለው ለዚህም ይሠራል።

ስንት ጊዜ መደረብ ይበቃል?

"10 ጊዜ ደርቤልሃለሁ" ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ቢገጥማችሁ አትደነቁ። አንድ ስስ ሲላንት ሲቀባ እጅ የዘለለው ቦታ አይጠፋም። ሁለተኛው ያን የተዘለለውን ያለብሰዋል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ መደረብ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ከሦስተኛው በኋላ ግን ዓይን የሚለየው ለውጥ እያነሰ ይሄዳል። እያንዳንዱ ድርብ በጣም ስስ ነው፤ ተደራርቦ የብርድ ልብስ ያህል አይወፍርም።

ከ10 ድርብ ይልቅ በየጊዜው ማደሱ ይጠቅማል። ለአገራችን አየር የሚስማማው ሰኔ ሳይገባ አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ሲወጣ በመስከረም አንድ ጊዜ መቀባት ነው። ጥበቃው መኖሩን ለማወቅ ውሃ ማርከፍከፍ ነው። ውሃው እንደ ጤዛ ድቡልቡል ብሎ ከወረደ ሽፋኑ አለ። ጠፍጣፋ ሆኖ ከተኛ ግን አልቋል፤ ይታደስ።

የተቀባውን የሚያጠፉ ልማዶች

አንደኛ፣ በልብስ ማጠቢያ ዱቄት ሳሙና ማጠብ። ይህ ሳሙና ከልብስ ላይ ቅባት ለማስለቀቅ የተሠራ ነው። ከመኪናም ላይ ሰሙን ያስለቅቃል። ለመኪና የተዘጋጀ ለስላሳ ሳሙና ይሻላል።

ሁለተኛ፣ መኪናውን በናፍጣ ማሸት። ናፍጣ ለጊዜው ያብረቀርቃል። ዳሩ ግን የተቀባውን ሰም ያሟሟል፤ አቧራ ይሰበስባል፤ የበርና የመስኮት ጎማ ያበላሻል። ከታጠበ በኋላ የሚፈሰውም ውሃና አፈር ይመርዛል።

ሦስተኛ፣ በአንድ ባልዲ ብቻ ማጠብ። ከመኪናው የወጣው አሸዋ ባልዲው ውስጥ ይገባል፤ ስፖንጁም ያንኑ አሸዋ ይዞ ይመለሳል። ሁለት ባልዲ ያስፈልጋል፤ አንዱ የሳሙና፣ አንዱ ስፖንጁ የሚታለብበት። መሬት የወደቀ ጨርቅም ታጥቦ ካልደረቀ መኪና አይነካም። ባልዲና ጨርቅ ርካሽ ናቸው። ቀለም ግን ውድ ነው።

ድምቀት ሲያታልል

መኪና ለብዙ ቤተሰብ የዕድሜ ልክ ጥሪት ነው። ብዙ ሰው የሚገዛው ደግሞ ያገለገለ መኪና ነው። እዚህ ላይ ግሌዝ ሌላ መልክ ይይዛል። ጭረት የበዛበት መኪና ለገበያ ቀን ግሌዝ ከተቀባ አዲስ ይመስላል። ከሁለትና ከሦስት እጥበት በኋላ ግን ገዢው ያልገዛውን መኪና ደጁ ላይ ቆሞ ያገኘዋል።

አንድ ቀን አንድ ደላላ ወደ ላቫጆው መጥቶ፣ "እስከ ነገ የሚያቆይ ነገር ቀባልኝ፤ ከዚያ ወዲያ የገዢው ጉዳይ ነው" ሲል ሰምተናል። ወጣቱ መኪናውን አጠበለት፤ ግሌዙን ግን፣ "ለገዢው ግሌዝ ነው ብለህ የምትነግረው ከሆነ እቀባልሃለሁ" አለው። ደላላው ስቆ ሄደ። መኪናን ማስዋብ ነውር አይደለም። ያልታከመውን ታክሟል ብሎ መሸጥ ነው ነውሩ።

ገዢ ምን ያድርግ? መኪናውን ጥላ ሥር ሳይሆን ፀሐይ ላይ ይየው፤ ወይም የስልኩን መብራት ጠጋ አድርጎ ያብራበት። ባለቤቱን አስፈቅዶ ትንሽ ቦታ ላይ በሳሙና ውሃ ደጋግሞ ይጠበው። የተደበቀ ጭረት ካለ ብቅ ማለት ይጀምራል። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልሎ በሮቹንና ፓራፋንጎውን ይንካካ። ሌላው ቦታ ይዞ አንዱ ቦታ አልይዝ ካለ ከቀለሙ ሥር ወፍራም ስቱኮ ሊኖር ይችላል፤ መኪናው ተጋጭቶ የተጠገነ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። አንዳንድ መኪና ግን ፓራፋንጎው ፕላስቲክ፣ ኮፈኑም አሉሚኒየም ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ስለ ጤና ጥንቃቄ

ከእነዚህ ቅቦች ብዙዎቹ እሳት የሚይዝ ማሟሟያ አለባቸው። ሲጋራ እየተጨሰ ወይም ምድጃ እየነደደ አይሠራባቸውም። በር ተዘግቶም አይሠራም፤ ትነታቸው ራስ ያዞራል። ጓንት ማድረግ እጅን ከመላላጥ ያድናል። በማሽን ሲፈተግ ዓይንና አፍንጫ ይሸፈን።

ከሁሉ በላይ ቅባቱን ወደ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ መገልበጥ አደገኛ ነው። ስም ያልተጻፈበትን ፕላስቲክ ሕፃን ውሃ መስሎት ሊጠጣው ይችላል። የግድ መገልበጥ ካለበት ስሙና "አይጠጣም" የሚለው ቃል በትልቁ ይጻፍበት።

ማጠቃለያ

ካየነው ሁሉ ሦስት ነገር እንያዝ። ድምቀት የሚመጣው ከቀለሙ ልስላሴ ነው፤ ቅባቱ ያግዛል እንጂ አይፈጥረውም። ግሌዝ ያስጌጣል፣ ሲላንት ይጠብቃል፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይይዝም። እያንዳንዱ ድርብ ደግሞ ንጹሕ መያዣና በቂ ጊዜ ይፈልጋል።

የሰርጉ መኪና ባለቤት ከወር በኋላ ተመልሰው መጥተዋል። ዝናብ ነክቶት ውሃው ከኮፈኑ ላይ እየተንከባለለ ሲወርድ አይተው ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካርቶን ቆመው አነበቡና ወጣቱን፣ "ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?" አሉት። "አዎ ጋሼ" አላቸው። "እንግዲያስ እንደ ተጻፈው ሥራልኝ፤ ነገ ማታ እመጣለሁ" ብለው ቁልፉን ሰጡት።

ጥያቄዎች

1. ከመኪና ብረት በላይ ያሉት አራት ልብሶች ምን ምን ናቸው? ክሊር የሚባለው የትኛው ነው?
2. ፖሊሽ በየሳምንቱ ቢደረግ ምን ጉዳት ያመጣል?
3. ሲላንት ከግሌዝ ላይ ሲቀባ ብዙውን ጊዜ የማይዘው ለምንድን ነው?
4. ወጣቱ ካርቶን ላይ የጻፋቸውን አራት ነገሮች ሳታዩ ጻፉ። እያንዳንዱ ለምን እንደሚያስፈልግ ተናገሩ።
5. በቤታችሁ ወይም በሥራ ቦታችሁ ካለ ጠርሙስ፣ ጣሳ ወይም ከረጢት አንዱን አንሡ። በደቃቁ የተጻፈውን አንብባችሁ፣ ወይም አስነብባችሁ፣ የተረዳችሁትን በደብተራችሁ ጻፉ።